እናቴ የግፊት መድኃኒት የምትወስደው ሲያማት ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምኖረው ዱባይ ነው፣ እናቴ ያለችው ደሴ ነው። 63 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግፊት አለብሽ ተብላ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዘዘላት። ስኳር የለባትም፤ ልብም ኩላሊትም ደህና ነው ተብላለች። ችግሩ ክኒኑን የምትወስደው ራሷን ሲያማት ወይም ማጅራቷን ሲይዛት ብቻ መሆኑ ነው። «ደህና ስሆን ለምን እውጣለሁ?» ትላለች። ጎረቤቶቿ ደግሞ «አንዴ ከለመድሽው አይለቅሽም፣ ኩላሊትሽን ነው የሚጨርሰው» ይሏታል። ስትለካ አንዴ 138፣ አንዴ 172 ይላል። እኔ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ «ወደ 120 ካልወረደ አደጋ ነው» ይላል፣ ሌላው «ማታ ካልተወሰደ አይሠራም» ይላል። በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ የተናገሩትን ቃል እኔ ክትትል ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከእናትሽ ጥያቄ ልጀምር። «ደህና ስሆን ለምን እውጣለሁ?» ማለታቸው ተገቢ ነው። ሁላችንም በሽታን የምናውቀው በሕመሙ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። መድኃኒት እንወስዳለን፣ ሲሻለን እናቆማለን። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሄ ሲሠራ አይተዋል። ግፊት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። 160 ሆኖ አያምም፣ 170 ሆኖም ብዙ ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት የዓለም ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑት ግፊት አለባቸው። ከእነሱ ግማሽ የሚጠጉት ግፊት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።

«ታዲያ ራስ ምታቱና ማጅራት መያዙስ?» ትዪኝ ይሆናል። በ2002 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት አለ። ከ22,000 በላይ ሰዎች ግፊታቸው ተለካ። ከ11 ዓመት በኋላ ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ተጠየቁ። ላይኛው ቁጥራቸው («140 በ90» ሲባል 140 የሚለው) 150 እና ከዚያ በላይ የነበሩት ሰዎች፣ ከ140 በታች ከነበሩት ይልቅ ተራ ራስ ምታት የገጠማቸው ባነሰ መጠን ነው። በ30 ከመቶ ያነሰ። አዎ፣ ያነሰ ነው ያልኩሽ። ይሄን ለታካሚዎች ስነግራቸው ብዙዎቹ ማመን ያቅታቸዋል። ማጅራት በድካም ይይዛል፣ በእንቅልፍ ማጣት ይይዛል፣ ጎንበስ ብሎ በመዋል ይይዛል፣ ልጅን በማሰብም ይይዛል። ሕመሙ ራሱ ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ሰው ታዲያ ሲያመው ይለካል፣ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፣ «ያመመኝ ግፊቱ ነው» ይላል። ሳያመው ስላልተለካ ያኔ ምን ያህል እንደነበር አያውቅም።

ክኒኑን ሲውጡ የሚሻላቸውም ክኒኑ ስለደረሰላቸው አይደለም። አምሎዲፒን ዝግተኛ መድኃኒት ነው። ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ራስ ምታቱ በራሱ ጊዜ ሄዷል። በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሳምንት በኋላ ነው። ለእናትሽ በምጣድ ብታስረጃቸው ይገባቸዋል። ምጣድ ሳይግል ሊጥ አይፈስም። ዛሬ አንድ እንጨት አንድደው ቢያጠፉት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ቢያነዱ፣ እንጨቱ ያልቃል እንጂ እንጀራ አይወጣም። እናትሽ አሁን እያደረጉ ያሉት እሱን ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲገባ ግን አይበርድም። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ አንድ ቀን ቢረሱት እንኳ የትናንቱ ይዞ ያቆያቸዋል። በማግስቱ ሁለት አድርገው እንዳይውጡ ብቻ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንዲት እናት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ልጃቸው ደግፏቸው መጡ። የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኩ። ልጅየው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈታ። አምሎዲፒን ነበር። ከ30ው ክኒን 24ቱ ከነማሸጊያው አለ። የታዘዘላቸው ከሰባት ወር በፊት ነው። የጎደሉት ስድስቱ ራሳቸውን ባመማቸው ቀን የተዋጡ ናቸው። ስትሮኩ በመታቸው ቀን ጠዋት ግን ምንም አላመማቸውም። እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ማሰሻው ነው ከእጃቸው የወደቀው። አሁን ይራመዳሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ ቁልፍ አይቆልፍም። ያቺን ቋጠሮ አልረሳትም። 24 ክኒን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ ወሬ እንምጣ። ክፋት የለበትም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። የሰፈር ሰው ግፊት አለብህ ተባለ፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ከዓመታት በኋላ ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ገባ። «መድኃኒቱ ነው የጨረሰው» ተባለ። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፣ ጥፋተኛው ግን ሌላ ነው። ኩላሊት በጣም ከቀጠኑ የደም ስሮች የተሠራ ወንፊት ነው። ከፍ ያለ ግፊት ያንን ወንፊት ሌት ተቀን ይመታዋል። በዓለም ላይ ኩላሊትን ከሥራ ውጪ ከሚያደርጉ በሽታዎች ዋነኞቹ ስኳርና ግፊት ናቸው። ሰው መድኃኒቱን ዘግይቶ ይጀምራል፣ እያቆራረጠ ይወስዳል፣ ግፊቱ ሥራውን ይቀጥላል። በመጨረሻ ጉዳቱ ሲወጣ ቤት ውስጥ የሚታየው የመድኃኒቱ ካርቶን ስለሆነ ስሙ የሚጠፋው እሱ ነው። አምሎዲፒን ኩላሊት አይጎዳም። የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ታካሚዎችም ጭምር እናዝዘዋለን።

ወሬውን የሚያባብሰው አንድ ነገር ግን አለ። አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ እግር ያሳብጣል፣ በተለይ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት አካባቢ። መድኃኒቱ ትንንሽ የደም ስሮችን ስለሚያሰፋ ውሃ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ጎረቤት ያየና «ይኸው፣ ኩላሊቷ!» ይላል። ሰውየው ፈርቶ ያቆማል፣ ለሐኪሙ አይናገርም። እናትሽ እግራቸው ያብጥ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ካበጠ መጠኑን መቀነስ ወይም ሌላ መድኃኒት ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል። ሐኪሙ ግን አይቶ ይለየው፤ እግር በልብም በኩላሊትም ሊያብጥ ይችላልና።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። እናትሽ ራሳቸውን ወይም ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከፋርማሲ ምን ይገዛሉ? ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ ጉዳዩ እዚያ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ግፊት ይጨምራሉ። ኢናላፕሪል ከሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒትና ውሃ ከሚያሸናው ክኒን ጋር አንድ ላይ ከተወሰዱ ኩላሊትን በእርግጥ ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ ሰው የግፊቱን ክኒን «ለኩላሊቴ ፈርቼ» ትቶ ዳይክሎፌናኩን በየቀኑ ሲውጥ ሳገኝ በጣም ያሳዝነኛል። ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን የየቀን ልማድ አይሁን። በ2022 ኤደንብራ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ግፊት ያለባቸው 110 ሰዎች በቀን 4 ግራም ፓራሲታሞል ለሁለት ሳምንት ሲወስዱ ላይኛው ቁጥራቸው በ5 ገደማ ጨምሯል። አልፎ አልፎ ለሚያም ራስ አንድ ሁለት ክኒን መውሰድ ግን አያስፈራም።

«አንዴ ከለመድሽው አይለቅሽም» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ሱስ የለውም። ሲቆም ግፊቱ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ምክንያቱም በሽታው አልሄደም። ክብደት ቀንሰው፣ ጨው ቀንሰው፣ መጠኑ የተቀነሰላቸው ታካሚዎች አሉኝ። ግን የቀነስነው ቁጥሩን እያየን ነው።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ ያነበብሽው እውነት ነው፣ ግን የተቆረጠ እውነት ነው። የ120 ነገር በዋናነት የመጣው ስፕሪንት ከሚባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። 9,361 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ላይኛው ቁጥራቸው ከ120 በታች፣ ግማሾቹ ከ140 በታች እንዲሆን ታከሙ። በ2015 ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ግልጽ ሆነ። 120 ላይ ያነጣጠሩት የልብ ድካም፣ ስትሮክና መሰል ችግር በ25 ከመቶ ቀነሰላቸው፣ ሞትም በ27 ከመቶ። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ራስን ስቶ መውደቅ፣ ደም ውስጥ ያሉ እንደ ሶዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች መዛባትና ድንገተኛ የኩላሊት ችግር በእነሱ ላይ በዛ። ደግሞም አለካኩ የኛ ዓይነት አልነበረም። ታካሚው አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በአውቶማቲክ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ነው የሚያዘው። ወረፋ ጠብቆ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ወዲያው እጁን ዘርግቶ የተለካ ሰው ቁጥር ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ለእናትሽ ይበልጥ የሚቀርበው ስቴፕ የሚባለው የቻይና ጥናት ነው። በ2021 የወጣ ነው። የተሳተፉት 8,511 ሰዎች ሁሉም ከ60 እስከ 80 ዓመት ናቸው። አንዱ ወገን ከ110 እስከ 130፣ ሌላው ከ130 እስከ 150 መሀል እንዲሆን ታከመ። ዝቅ ያለው ወገን የልብና የስትሮክ ችግር በ26 ከመቶ ቀነሰለት። በ2024 ደግሞ እዚያው ቻይና ስኳር ባለባቸው 12,821 ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ ከ120 በታች ማድረግ እነሱንም እንደሚጠቅም አሳይቷል። ስለዚህ አቅጣጫው ወደ ታች ነው። ዛሬ ማንም ባለሙያ «150 ለትልቅ ሰው ደህና ነው» ማለት የለበትም።

እኔ ለእናትሽ የምለው ይሄን ነው። መጀመሪያ ከ140 በታች እንግባ። ሲነሱ ካላዞራቸው ቀስ ብለን ከ130 በታች እንሂድ። 120ውን አሁን ተዪው። ከ172 ወደ 140 የሚወርድ ሰው የሚያተርፈው ከ130 ወደ 120 ከሚወርደው በብዙ ይበልጣል፣ እናትሽም ገና የመጀመሪያውን መንገድ አልጀመሩም።

ግን 138ቱና 172ቱ የት ተለኩ? በምን ሁኔታ? ይሄ ብዙዎች የሚንቁት፣ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማጠፋበት ጉዳይ ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ያወጣው ጥናት 133 ሰዎችን እጃቸውን በተለያየ ቦታ አስቀምጦ ለካ። እጅ ጭን ላይ ሲሆን ላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ ከፍ ይላል። ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሲሆን በ6.5። ሌላው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥናት ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ጨርቅ ያየ ነው። በጣም ትልቁ ጨርቅ የሚያስፈልጋቸው ወፍራም ክንድ ያላቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ ወደ 20 የሚጠጋ ቁጥር በሐሰት ይጨመርባቸዋል። ሃያ! በዚያ ስህተት ብቻ ሰው ያለ በሽታው መድኃኒት ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ ከዱባይ አንድ ነገር መላክ ካሰብሽ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ላኪ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይደለም። ከመግዛትሽ በፊት እናትሽ ክንዳቸውን መሀሉ ላይ በሜትር ያስለኩ፤ ጨርቁ በዚያ ይመረጣል። የሚለኩት በባዶ ክንድ ነው፣ ሹራብ ላይ አይደለም። ሽንት ይሸኑ። ወንበር ላይ ደገፍ ብለው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። እጃቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይሁን። በዚያ ሰዓት ወሬ የለም፣ ስልክም የለም። ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መራቅ አለባቸው። ጠዋት ክኒን ሳይወስዱ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመሀል አንድ ደቂቃ እየቆዩ፣ ለሰባት ቀን። ቁጥሩ ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ቀን ጥለን የቀሩትን አማካይ እንወስዳለን። ቤት ውስጥ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። ያ አማካይ ለሐኪማቸው ከአሥር የጤና ጣቢያ ልኬት ይበልጥ ይናገራል።

የማታው ነገርስ? በ2019 ስፔን ውስጥ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ይዞ የወጣ ጥናት፣ የግፊት መድኃኒትን በመኝታ ሰዓት መውሰድ የልብ ሕመምና ስትሮክን ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል አለ። ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። አንቺም ያነበብሽው የእሱን ቅሪት ነው። ውጤቱ ከመጠን በላይ ጥሩ ስለሆነ ብዙ ባለሙያዎች ተጠራጠሩ። ከዚያ ብሪታንያ ውስጥ ታይም የተባለው ጥናት 21,104 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተለ። በ2022 ውጤቱ ወጣ። ጠዋት ቢወሰድ ማታ ቢወሰድ ልዩነት የለም። ካናዳ ውስጥ የተደረገ ሌላ ጥናትም ያንኑ ደገመው።

ይሄ ለእናትሽ ትልቅ የምሥራች ነው። በጾም «ጠዋት ካልወሰድኩ ዋጋ የለውም» ብለው ሁለት ወር የሚጠጋውን ሑዳዴ ያለ መድኃኒት የሚያሳልፉ እናቶች አውቃለሁ። አያስፈልግም። አምሎዲፒን ምግብ አይፈልግም፣ የሰዓት ምርጫም የለውም። 9 ሰዓት ላይ ጾማቸውን ሲፈቱ ሊወስዱት ይችላሉ። በረመዳን የሚጾም ሰውም በአፍጥር ሰዓት መውሰድ ይችላል። ዋናው ጾም ቢሆን ፍስክ ቢሆን የማይቀየር ሰዓት መያዝ ነው። እኔ ለሚጾሙ ታካሚዎቼ ዓመቱን ሙሉ ማታ እራት ላይ አድርጉት እላለሁ፣ እንዳይቀያየር። ወደፊት ውሃ የሚያሸናው ክኒን ከተጨመረላቸው ግን ስለ ጾሙ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ሰውነታቸው ውሃ እንዳያጥረው።

ምናልባት አንድ ክኒን በየቀኑ ወስደውም ቁጥሩ አልወርድ ይል ይሆናል። አይደንግጡ። አብዛኛው ሰው ሁለት ዓይነት ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ የኛው አህጉር ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ክሪኦል የሚባለው ጥናት ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ካሜሩን፣ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 728 ሰዎችን ይዞ ሦስት ዓይነት ጥምረት አነጻጸረ። በ2019 ያገኘው አምሎዲፒን ያለበት ጥምረት፣ ከሌለበት የተሻለ እንደሚያወርድ ነው። ከዚያ በ2024 ናይጄሪያ ውስጥ በ300 ሰዎች ላይ፣ ሦስት መድኃኒት በትንሽ በትንሹ አንድ ክኒን ውስጥ ተደርጎ ተሞከረ። በአንድ ወር ውስጥ ይህን የወሰዱት 81 ከመቶዎቹ ግፊታቸው ልክ ገባ። በተለመደው አካሄድ የታከሙት ደግሞ 55 ከመቶ። ሚስጥሩ ቀላል ነው። አንዱን መድኃኒት እስከ ጥግ ከመግፋት፣ ሁለት ሦስቱን በትንሹ ማቀናጀት ይበልጥ ያወርዳል፣ የጎን ጉዳቱም ያንሳል። እናትሽ ሁለተኛ ክኒን ሲታዘዝላቸው «በሽታዬ ባሰ» እንዳይሉ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጨውን በተመለከተ «ጨው ቀንሺ» ማለት ብቻውን አይሠራም። እናትሽ ወጥ ላይ የሚነሰንሷትን ጨው ይቀንሱ ይሆናል። በርበሬው ግን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ጨው አለበት። ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤትም አለ። ስለዚህ የሚቀጥለው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የእሳቸው ድርሻ ያለ ጨው ይፈጭ። ይሄን ያደረጉ ቤተሰቦች «ሁለት ሳምንት ከበደን፣ ከዚያ ለመድነው» ይሉኛል። የማይታየው ጨው እዚያ ነው ያለው። የተቀየጠ ጨው የሚባልም አለ፣ ከሶዲየሙ የተወሰነው በፖታሲየም የተተካ። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች፣ ወደ 21,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2021 ስትሮክን በ14 ከመቶ እንደቀነሰ ታይቷል። ዱባይ ሱቅ ካገኘሽው ግን ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ አትላኪ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ወይም ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን ውሃ የሚያሸና ክኒን ለሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ልብን ሊያቆም ይችላል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምወደው ጥናት ልምጣ። ቻይና ገጠር ውስጥ፣ 326 መንደር፣ 33,995 ሰው። በግማሾቹ መንደሮች ሕክምናውን የያዙት ሆስፒታል ያሉ ስፔሻሊስቶች አይደሉም። የመንደር ጤና ሠራተኞች ናቸው። አጭር ሥልጠና ወሰዱ፣ ቀላል መመሪያ ተሰጣቸው፣ መድኃኒቱ በነፃ ወይም በቅናሽ ቀረበ፣ ሕዝቡ ቤቱ እንዲለካ መለኪያ ተሰጠው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በእነዚያ መንደሮች 57 ከመቶው ሰው ግፊቱ ከ130 በ80 በታች ገባ። በሌሎቹ መንደሮች 20 ከመቶ ብቻ። በሦስት ዓመት የልብና የስትሮክ ችግር በ33 ከመቶ ቀነሰ። አራተኛው ዓመት ላይ የመርሳት በሽታ እንኳ በ15 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። አዲስ መድኃኒት የለም። ያው የድሮው ክኒን ነው። የተለየው በየጊዜው በር የሚያንኳኳ፣ የሚታወቅና የሚታመን ሰው መኖሩ ነው። ሎስ አንጀለስም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2018 በወጣው ጥናት ፋርማሲስቶች ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ጸጉር የሚቆረጡበት ቤት ድረስ ሄደው አከሟቸው። በስድስት ወር ላይኛው ቁጥር በ27 ወረደ። ሐኪም ጋ ሂዱ ብቻ የተባሉት ደግሞ በ9።

ይሄን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? አንቺ ዱባይ ነሽ። እናትሽ ክኒኑን መውሰድ አለመውሰዳቸውን በየቀኑ የሚያየው ጎረቤት ነው። መድኃኒቱን ያስጣሏቸው እነዚያው ጎረቤቶች ሊያስይዟቸውም ይችላሉ። አንዲት ታካሚዬ መለኪያዋን ይዛ ቡና ላይ ትሄዳለች። አቦል ሳይቀዳ ሁሉም በየተራ ይለካል። ቡናው ገና እየተቆላ ነውና ግማሽ ሰዓቱም አልተነካም። መጀመሪያ ሳቁባት። ከዚያ ከስድስቱ ሴቶች ሁለቱ ሳያውቁት ግፊታቸው ከ160 በላይ ሆኖ ተገኘ። አሁን አንዷ ክኒኗን ካልወሰደች ሌሎቹ ይቆጧታል። የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቁጥራቸውን ታውቃለች። ለእናትሽ ሰፈርም ይሄንን ነው የምመኝላቸው።

አደጋውን ደግሞ አንቺም ጎረቤቶቹም ማወቅ አለባችሁ። ድንገት አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ደረት ከጨመደደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን ድንገት ከጨለመ፣ መኪና ጠርቶ ሆስፒታል ነው። ክኒን ውጦ «እስቲ እንየው» ማለት የለም። ከነዚህ ምንም ሳይኖር ቁጥሩ ከ180 በላይ ካለ ግን ሁለትና ሦስት ክኒን በአንዴ እንዳይውጡ። ቁጭ ብለው ያርፉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ያው ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ለነገው ስልክ አንድ ምክር ልጨምር። «ለምን አትወስጂም?» ብለሽ አትጀምሪ። «እማ፣ ማሸጊያው ላይ ስንት ክኒን ቀርቷል? እስቲ ቁጠሪልኝ» በያቸው። ከዚያ እግራቸው ያብጥ እንደሆነ፣ ለራስ ምታት ከፋርማሲ የሚገዙት ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። የምጣዱን ነገር ንገሪያቸው። ክኒኑን በየቀኑ እራት ላይ እንዲወስዱ ተስማሙ። መለኪያው ሲደርስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከወሰዱ በኋላ የሰባት ቀኑን ልኬት ይጀምሩ። ደብተሩን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፣ ዋናውን ደግሞ በቀጠሯቸው ቀን ለሐኪማቸው ይዘው ይሂዱ። ቁጥሩ አልገባሽ ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።